እማዬ፣ ዘንድሮ መስኮት ሥር አትቀመጪም

እማዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? የደሴ ብርድ ሲጀምር መጀመሪያ የሚይዘው የአንቺን ጉልበት ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ «አያታችን መቼ ነው የምትመጣው?» እያሉ ያስቸግሩኛል።

ባለፈው ስልክ ላይ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣም። «ልጆቹ ናፍቀውኛል፣ ግን ተመልሼ እዚያ ቤት አልታሰርም» አልሽኝ። ስቄ አለፍኩት እንጂ አላሳቀኝም። ያን ጊዜ መጥተሽ ስድስት ወር ሙሉ ያየሽው ምንድን ነው? መስኮቱን፣ ማዶ ያለውን የመኪና ማቆሚያና በሳምንት አንዴ የሚመጣውን የቆሻሻ መኪና። እኔ ጠዋት እወጣለሁ፣ ማታ ደክሞኝ እገባለሁ። አንቺ ቡና ታፈያለሽ፣ የሚጠጣልሽ ሰው የለም። አገር ቤት ስትመለሺ «አሜሪካ ምንጣፍ የተነጠፈበት እስር ቤት ነው» ብለሽ ለጎረቤት እንዳወራሽም ሰምቻለሁ። የነገረችኝን አልናገርም፣ አንቺም እንዳትቆጫት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚህ ሲያትል፣ ከቤታችን ሁለት ፌርማታ ርቆ ላይብረሪ እንዳለ አውቅ ነበር። «እማዬ እዚያ ምን ትሠራለች?» ብዬ ተውኩት። እኛ ላይብረሪ ሲባል የሚታየን ማትሪክ የሚያጠና ተማሪ ነዋ! መታወቂያ አስይዘሽ፣ ቦርሳሽን አስቀምጠሽ፣ ካስነጠሰሽ ደግሞ የሚገላምጥሽ ሰው። እዚህ ለመግባት ማንም ምንም አይጠይቅሽም። ካርድ የሚያስፈልገው መጽሐፍ ይዞ ለመውጣት ነው። እሱም በነፃ ነው፣ በእኔ ካርድ ትወስጃለሽ።

ስሙ ዳግላስ ትሩዝ ይባላል። በፈረንጅ 1914 የተከፈተ አሮጌ ቤት ነው። የድሮ ስሙ ሌላ ነበር፤ በ1975 ነው በሁለት ጥቁር ሰዎች ስም የተሰየመው። ሁለቱም በባርነት የተወለዱ ናቸው። ፍሬድሪክ ዳግላስን ልጅ ሳለ የጌታው ቤት እመቤት ፊደል ልታስቆጥረው ጀምራ ነበር። ባልየው ሰማና ከለከላት። ልጁ ግን አልተወም፤ መንገድ ላይ ለድሃ ነጭ ልጆች ዳቦ እየሰጠ የቀረውን ከእነሱ ተማረ። ሶጆርነር ትሩዝ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ማንበብም መጻፍም ሳትችል ነው የሞተችው። አደባባይ ቆማ ስለ ባርነት ስትናገር ግን ሰው ጸጥ ብሎ ይሰማት ነበር።

እስቲ አስቢው፣ ፊደል ባልቆጠረች ሴት ስም የተጠራ ቤተ መጻሕፍት። መጀመሪያ ስሰማ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺማ ቆጥረሻል። በእኛ 1971 መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ወንድሜን አዝለሽ፣ ኩራዝ ይዘሽ፣ ማታ ማታ ቀበሌ ትሄጂ እንደነበር ስንቴ ነግረሽኛል! የምስክር ወረቀትሽ እስካሁን ሳጥን ውስጥ ከቀሚስሽ ሥር ተጣጥፎ አለ። እዚህ መጥተሽ ግን አንድም ቀን መጽሐፍ ስትገልጪ አላየሁሽም። መነጽርሽን እንኳ «ምን ላነብበት?» ብለሽ ደሴ ትተሽው ነው የመጣሽው።

እዚያ ምን እንደሚደረግ ልንገርሽ። ከትምህርት በኋላ የቤት ሥራ የሚያሳዩ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ትልቁ ልጄ ሒሳብ የገባው በእኔ ሳይሆን በእነሱ ነው። ለሕፃናት ተረት ይነበባል። ኢንተርኔት የሌለው ሰው ቤቱ የሚወስደው ትንሽ መሣሪያ ያውሱታል፣ እንደ መጽሐፍ ማለት ነው። በከተማው 27 ቤተ መጻሕፍት አላቸው፤ አንዱ ጋ ያለውን መጽሐፍ ብታዢ አንቺ ሰፈር ድረስ ያመጡልሻል።

አንቺን ልወስድሽ ያሰብኩት ግን እንግሊዝኛ የሚለማመዱበት ክበብ ነው። እኔም መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ እሄድ ነበር። ወንበር በክብ ይደረደራል፣ ፈተና የለ፣ ውጤት የለ። ወሬ ብቻ። አንድ ቀን «ቤታችሁ ምን ትሠራላችሁ?» ተባልን። እኔ ስለ አልጫ ላስረዳ ስል እርድ በእንግሊዝኛ ጠፋብኝ። «ቢጫ… ቢጫ ዱቄት» እላለሁ፣ ጣቴን አሳያለሁ። ሶማሊያዊቷ ሴትዮ ገብቷት በሶማሊኛ ስትናገር ቃሉ ከእኛው ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። አጠገቧ የነበሩት የቬትናም አሮጊት ደግሞ ዝም ብለው ከገበያ ቦርሳቸው አንድ እርጥብ እርድ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረጉት። አስተማሪዋን ጨምሮ ሁላችንም እያነሳን አሸተትነው። እኒያ ሴትዮ ከሰላምታ ሌላ እንግሊዝኛ አልነበራቸውም። አንቺ ብትኖሪ ያን ዕለት ቤታቸው ድረስ ትሸኚያቸው ነበር፣ አውቅሻለሁ።

ዳውንታውን ያለውን ትልቁንም አሳይሻለሁ። በፈረንጅ 2004 የተከፈተ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ 11 ፎቅ ነው። ሕንፃው ብዙም ግድ አይሰጠኝ፤ የማሳይሽ የአንደኛውን ፎቅ ወለል ነው። የውጭ ቋንቋ መጻሕፍት ያሉበት ክፍል ነው። አን ሃሚልተን የምትባል ሠዓሊ የእንጨቱን ወለል በሙሉ በፊደል አስቀርጻዋለች። 556 መስመር፣ በ11 ቋንቋ፤ እያንዳንዱ የአንድ መጽሐፍ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው። ፊደሉ ከእንጨቱ ወጣ ወጣ ብሏል፣ በጫማ እንኳ ይታወቅሻል። ደግሞ የተገለበጠ ነው፣ ልክ እንደ ቀበሌ ማኅተም። ትንሿ ልጄ ተንበርክካ በመዳፏ ስትዳስሰው አንቺ የእንጨት ሰሌዳ ላይ «ሀ»ን በጣት ትከተይ ነበር ያልሽኝ ትዝ አለኝ። የአማርኛ መጻሕፍትም አሉ። ብዙ አይደሉም፣ ለአንቺ ግን ይበቃሉ።

እዚያ የማይመችሽም ነገር ይኖራል። ቤት የሌላቸው ሰዎች ከብርዱ ሸሽተው ይገባሉ፣ ወንበር ላይ ያንቀላፋሉ፣ አንዳንዱ ብቻውን ያወራል። እንዳትደነግጪ። እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ በዚህ ከተማ ምንም ሳትገዢ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጪበት ሌላ ቤት አላውቅም፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀር።

ስለ ቅጣትም አትጨነቂ። መጽሐፍ ማዘግየት ከፈረንጅ 2020 ጀምሮ አያስቀጣም። ከጠፋ ወይ ከተበላሸ ግን ይከፈላል፤ ትንሿ አንዱን ገንዳ ውስጥ ይዛው ገብታ ሾርባ አድርጋው ከፍለናል።

አንድ የሚያስቅሽ ነገር ልጨምርልሽ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የሚባሉ ሰው ሳን ፍራንሲስኮ ላይብረሪ ይሠሩ ነበር። ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ፈልገው ሲያጡ ራሳቸው ጻፉ። ከዚያ አገር ቤት ተመልሰው በእኛ 1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፣ አዋሳ ደግሞ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ አስጭነው በየሰፈሩ አዞሩ። አህያ ምን አደረገች ትይ የለ? እንጨት ብቻ አይደለም የምትጭነው በያት ጎረቤትሽን።

ልጆቹ ማታ ማታ የሚያነብላቸው ይፈልጋሉ። የእኔን ንባብ «ቶሎ ቶሎ ትያለሽ» ይሉኛል። አንቺ ቀስ እያልሽ፣ ጣትሽን መስመሩ ላይ እያደረግሽ ነው የምታነቢው፤ ለእነሱ የሚሆናቸው ይሄ ነው። አማርኛውንም ከአንቺ ይሰሙታል።

የቪዛው ቀጠሮ ሲታወቅ ደውይልኝ። ሽሮና በርበሬ እንደ አምናው 20 ኪሎ አይሁን፣ ግማሹ ይበቃናል። መነጽርሽን የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው፤ ከበርበሬው ጋር ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው።

ልጅሽ
ከሲያትል