ይድረስ ለወንድሜ፣ ከድሬዳዋ ከዚራ

አቦ እንዴት ነህ? ቤተሰቡስ? ሰላምታውን እንደ ደንቡ ላርዝመው አልኩና፣ ስድስት ዓመት ዝም ያለ ሰው በየት አፉ ብዬ ተውኩት። ተቀይሜህ አይደለም። ለፋሲካ እደውልለታለሁ አልኩ፣ ለእንቁጣጣሽ አልኩ፤ ከዚያ አንተ ስልክ ቀየርክ፣ የእኔ ደግሞ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ወድቆ ቀረ። ዝም እንባባል ብለን የተስማማንበት ቀን የለም፤ ዝም ብለን ተገኘን እንጂ።

አሁን ብዕር ያስነሳኝ የአጎቴ ማሽላ ነው። ኅዳር ላይ ወደ ሐረማያ ወጥቼ ሦስት ቀን ማማ ላይ ወፍ ጠበቅኩላቸው፤ በዚህ ዕድሜዬ! ወንጭፉ ሁለቴ የገዛ ጆሮዬን ገረፈኝ፣ ወፎቹ ምንም አልሆኑ። በሦስተኛው ቀን ማጭድ ከመግባቱ በፊት ለዘር የሚሆነውን ሊመርጡ ሲገቡ ተከተልኳቸው። ዛላውን በመዳፋቸው መዘን ያደርጋሉ፣ ያልፉታል፣ ተመልሰው ያዩታል፣ ከስንቱ አንዱን ይቆርጣሉ። የተመረጠው ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ይሰቀላል፤ ነቀዝ እንዳይደፍረው። ከእርሻው ዳር ማንም ያልዘራው ቀጫጫ የዱር ማሽላ በቅሎ ነበርና ነካ ባደርገው ፍሬው ጫማዬ ውስጥ ረገፈ። አጎቴ ሳቁ። «እሱ ራሱን ነው የሚዘራው፣ ይሄኛው እኔን ይጠብቃል» አሉኝ።

እዚያው ቆሜ፣ ሰው እንዴት ገበሬ ሆነ የሚለው ክርክራችን ትዝ አለኝ። እዚሁ ድሬዳዋ አጠገብ፣ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አፍ ላይ ተቀምጠን ስንጨቃጨቅ የዋልንበት ቀን። (ፈረንጆቹ ቴያር ደ ሻርዳንና ደ ሞንፍሬድ በ1929 እ.ኤ.አ. «አገኙት» ይባላል፤ የፍየል እረኛው ጠፍቶበት ያውቅ ይመስል።) አንተ ያልከው፣ አንድ ብልህ አዳኝ የጣለው ፍሬ ሲበቅል አየና ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበሬ ሆነ ነበር። እኔም ሌላ መልስ ስላልነበረኝ ጮኼ ብቻ ተቃወምኩህ።

አሁን መልስ አለኝ። ችግሩ እውቀት አልነበረም። ከዚያው ከዋሻችን 40 ኪሎ ያህል ቀይ ቀለም አፈር ወጥቷል፣ ከነመፍጫ ድንጋዩ፤ ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት ነው። መፍጨት ከእርሻ ስንት ዘመን ቀድሟል ማለት ነው! ገሊላ ባሕር ዳር፣ ኦሃሎ በሚባል ቦታ፣ ከ23,000 ዓመት በፊት የዱር ገብስና ስንዴ ለቅመው ይበሉ ነበር። ዘር እንደሚበቅል ያላወቁ ይመስልሃል? በመካከለኛው ምሥራቅ ስንዴና ገብስ መዝራት የተያዘው ግን ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

እንዴት ሆነ ካልክ ጫማዬን ጠይቅ። በማጭድ ሲታጨድ የሚረግፈው እዚያው መሬት ይቀራል፤ ዛላው ላይ የሙጥኝ ያለው ወደ ቤት ይገባል፣ ለከርሞም የሚዘራው እሱ ይሆናል። ማንም ሳያስበው፣ በሁለትና በሦስት ሺህ ዓመት፣ ያለ ሰው እጅ መዘራት የማይችል እህል ተፈጠረ። የማሽላውን ደግሞ ጎረቤታችን ሱዳን፣ ከሰላ አካባቢ፣ ሸክላ መስክሯል፦ ከ5,000 ዓመት በፊት ጭቃው ውስጥ የገባው ገለባ አሻራውን ትቷል፤ የሚረግፈውም የማይረግፈውም ተቀላቅለው። አየህ፣ መንገድ ላይ ሳሉ ተያዙ።

ሁሉም ቦታ እህል ቀደመ እንዳትለኝ ደግሞ። በአፍሪካ በብዙ ስፍራ ከብት ከእርሻ ይቀድማል። ለጋ ኦዳ ዓለት ላይ የጥንት ሰዎች የሳሏቸውን ላሞች ታስታውሳለህ፣ ቀንዳቸው ረጅም፣ ሻኛ የሌላቸው። አንተ «ሰዓሊው ሻኛ መሳል አቅቶት ነው» ብለህ ነበር፤ ይህንንም ይቅር ብዬሃለሁ።

እርሻ ከረሃብ አወጣን ያልከው ላይ ግን አልለቅህም። ሶርያ ውስጥ አቡ ሁሬይራ ከተባለ መንደር የተገኘውን የሴቶች አጥንት ተመልከት፤ ተንበርክኮ በመጅ ሲፈጩ በመዋል የእግር አውራ ጣታቸው ተበላሽቷል፣ ወገባቸው ተጎድቷል። የብዙ ቦታ የመጀመሪያ ገበሬዎች ከአዳኞቹ ይልቅ አጠርና መንመን ያሉ ነበሩ፣ ጥርሳቸውም ይበላ ነበር። ለምን አልተመለሱም? ልጅ በዝቶ፣ አራዊቱ ሳስቶ፣ የዱሩን መንገድ የሚያውቁት አያቶች አልቀው ነዋ። የአዳኙን ኑሮ ግን ገነት አላደርገውም፤ እናቶቻችን ሲያደንቁት የምሰማው ሦስት ቀን ሳይበሉ ማደርን ስላልቀመሱት ነው።

ስልኬን ከታች ጽፌልሃለሁ፣ ይህኛው አሸዋ አልነካውም። ኅዳር ላይ ብቅ ካልክ ማማው ሁለት ሰው ይችላል። ወንጭፍህን ግን ራስህ ግመድ፤ የእኔን አላውስህም።