«በአቅራቢያዋ» የምትሉት የት ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በቤት ውስጥ ጥቃት ስለሚደርስባቸው ሴቶች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። እሰይ፣ ጉዳዩ ተነሳ አልኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። ጥቃት የደረሰባት ሴት «በአቅራቢያዋ ወደሚገኝ» የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሄዳ ሁሉንም በአንድ ቦታ፣ ሕክምና፣ የሕግ ድጋፍና መጠለያ ማግኘት ትችላለች ይላል። በአቅራቢያዋ!

ሌላውን ልተወውና ስለዚህች አንዲት ቃል ልጻፍ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የተወለድኩት ግን መንዝ ነው፣ ታናሽ እህቴም እዚያው አግብታ ቀረች። ቤቷ ከመሐል ሜዳ ከተማ በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። ባሏ በዱላ የደበደባት ሌሊት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ልጇን አዝላ በዚያ ውርጭ ወጣች። የመንዝን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ «የሕክምና ማስረጃ አምጪ» አሏት። ሕክምና ቦታ ስትሄድ «ከፖሊስ ደብዳቤ አምጪ» አሏት። እጇ አብጦ፣ ልጁ እያለቀሰ፣ ሁለት ቀን እንዲህ ተመላለሰች። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎች ደረሱ። «ለልጅሽ ስትይ» አሏት። ፖሊሱም የባልና ሚስት ጠብ ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱት አለ። ተመለሰች። እኔ የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዘጋቢያችሁ ሴቶች እርዳታ የማይጠይቁት «በግንዛቤ ማነስ» ነው ብላለች። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 ከመቶው ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የፈለጉት ደግሞ 23 ከመቶ ብቻ ናቸው። ቁጥሩን አልክድም። ግን የኔ እህት ምን ግንዛቤ አነሳት? ሄዳለች እኮ! ሦስት ሰዓት በእግሯ ሄዳለች። የመለሷት ሰዎች ናቸው ግንዛቤ ያነሳቸው። እናንተ ጥፋቱን እሷ ላይ ጫናችሁት።

ፎቶዎቻችሁ በሙሉ የአዲስ አበባ ናቸው። ያነጋገራችኋቸው ሰዎችም እንደዚያው። አንድ የገጠር ሴት የለችበትም። አዲስ አበባ ላይ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ለዓመታት መጠለያ ከፍቶ ስንቱን ሰው አድኗል፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን እሱ ማኅበር ነው፣ መንግሥት አይደለም። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከመንዝ ደግሞ መጀመሪያ ደብረ ብርሃን መድረስ አለ፣ ያውም መኪና በተገኘበትና መንገድ ባልተዘጋበት ቀን፣ ያውም የመሳፈሪያውን ብር የሚይዘው ባልየው ሆኖ።

የባሰው የመጣው ደግሞ እህቴና ባሏ በኋላ ከተፋቱ ወዲህ ነው። ስለዚህ አንድም መስመር አልጻፋችሁም። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ይጠብቃታል። ገበያ ይከተላታል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ያያታል። አንድ ቀን ጎረቤት ፊት «ከኔ ሌላ ሰው ቤት ብትገቢ አንገትሽን ነው» አላት። ስትከስ «ነካሽ ወይ?» ተባለች። አልነካኝም አለች። «እንግዲህ ሲነካሽ ነይ» አሏት።

በነገሩ ላይ ቁጭ ብዬ አስቤበታለሁ፣ የሕግ ሰውም ጠይቄያለሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል ያደርገዋል። ጥሩ ነው። ግን የሚቀጣው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ማስፈራራት አንቀጽ 580 ላይ አለ፣ የሚያስቀጣው ግን እስከ ስድስት ወር ቀላል እስራት ወይም እስከ 500 ብር ነው፣ እሱም ተበዳይዋ ራሷ አቤቱታ ስታቀርብ። ሴትን ቀን ከሌት እየተከተሉ ማስጨነቅ በሕጉ ላይ ራሱን ችሎ ወንጀል ተብሎ አልተጻፈም። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ሲከታተላት በነበረ ሰው አሲድ የተደፋባትን ወጣት አገር ሁሉ ያስታውሳል። ያኔ ሁሉም አልቅሷል። ታዲያ መከታተሉን የሚያስቆመው ነገር የት አለ?

አንድ ነገር ልጨምር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ አንቀጽ 82 ላይ የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ከሁለቱ አንዱ ቤቱን ለቆ እንዲወጣ ሲወስን የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ያያል ይላል። ሐሳቡ አለ ማለት ነው። ታዲያ ፍቺ ሳይጠየቅ፣ በዚያው በተደበደበችበት ቀን፣ «እሱ ይውጣ፣ ወደ እሷም እንዳይቀርብ» የሚል ትእዛዝ በቅርቧ ካለው ፍርድ ቤት ለምን አይሰጣትም? እናንተ የምትሉት ሁሉ እሷ ትሂድ፣ እሷ ትሸሽ፣ እሷ መጠለያ ትግባ ነው። ቤቷን፣ ላሟን፣ የዘራችውን ገብስ ጥላ! በአቅራቢያዋ ያለው እሱ ብቻ ነው። መራቅ ያለበትም እሱ ነው።

እህቴ አሁን እኔ ጋ ናት። ልጇ እዚህ ትምህርት ጀምሯል። ማሳዋን የሚያርሰው እሱ ነው።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። «በአቅራቢያዋ» የሚለውን አውጡና ማዕከሉ ከየወረዳው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ፣ መኪናው ስንት ብር እንደሚያስከፍል ጻፉ። ዘጋቢያችሁም መንዝ ድረስ መምጣት ከፈለገች ደብረ ብርሃን መናኸሪያ እቀበላታለሁ፣ አብሬያት እሄዳለሁ። የሦስት ሰዓቱን መንገድ ግን በእግራችን ነው የምንሄደው፣ ሌሊት ተነስተን።

አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን