«ላ ኤን» ያልተፈጸመ ግፍ አልፈጠረም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በፓሪስ ዳርቻ ድሃ ሰፈር ስለሚኖሩ ሦስት ወጣቶችና ከፖሊስ ጋር ስላላቸው ግጭት በሚተርከው የፈረንሳይ ፊልም «ላ ኤን» («ጥላቻ») ላይ ባወጣችሁት ዘገባ ውስጥ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገር እጅግ አሳዝናኛለች። ዘጋቢያችሁ ስድቡንና ሽጉጡን ከዘረዘረ በኋላ፣ ዳይሬክተሩ ማቲዩ ካሶቪትዝ «ያልተፈጸመ ግፍ ፈጥሮ» የፖሊስን ስም እንዳጠፋና ፊልሙም ሳይቆረጥ ለወጣት መታየት እንዳልነበረበት ጽፏል።

ግፉ ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በ1993 ማኮሜ ምቦዎሌ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ በፓሪስ 18ኛው ወረዳ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ በምርመራ ላይ ሳለ ጭንቅላቱን በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ የተኮሰው መርማሪም በ1996 የ8 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ካሶቪትዝ ድርሰቱን እንዲጽፍ ያነሣሣው ይኸው ግድያ ነው። ፊልሙ ሲከፈት የምናያቸው ግጭቶችም በተዋናይ የተሠሩ ሳይሆኑ ከእውነተኛ የዜና ቀረጻ የተወሰዱ ናቸው። ዘጋቢያችሁ እነዚያን ደቂቃዎች እንኳ ሳያይ ነው የፈረደው? እ.ኤ.አ. በ1995 ጠቅላይ ሚኒስትሩ አለን ዡፔ ይህንኑ ፊልም ሚኒስትሮቻቸው እንዲያዩት አድርገዋል።

ይቆረጥ ለተባለውም፣ ስድቡ ለእኔም ለእናቲቱ ይከብዳል። ነገር ግን መቁረጥ ከተጀመረ ፖሊሶች ከሦስቱ ወጣቶች ሁለቱን፣ ሳኢድንና ሁበርትን፣ ወንበር ላይ አስረው የሚያሠቃዩበት ክፍልም አይተርፍም፤ ፊልሙን ያስፈለገው ግን እሱ ነው።

የምኖረው ከፓሪስ በስተሰሜን ፊልሙ የሚያሳየውን ሰፈር ከመሰሉት በአንዱ ነው። እዚሁ የተወለደውን ልጄን ፖሊሶች ባቡር ጣቢያው በር ላይ ግድግዳ አስደግፈው ኪሱን ሲበረብሩት፣ የቦርሳውን ደብተር ሁሉ እርጥብ አስፋልት ላይ ሲዘረግፉበት ቆሜ አይቻለሁ፤ መታወቂያውን ሰጥቷቸው እንኳ «አንተ» እያሉ ሲያመናጭቁት ነበር። ሳኢድ ፓሪስ መሐል መንገድ የጠየቀው ፖሊስ «እርስዎ» ብሎ ሲመልስለት ለምን እንደሚደነቅ ለልጄ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ዘገባው የሰፈሮቹን ነዋሪ ሲያነሣ የዐረቡንና የምዕራብ አፍሪካውን ልጅ ብቻ ጠቅሶ ማለፉ ደግሞ ሌላ ሕመም ነው። በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ የሐበሻ ቤተሰቦችም አለን፤ ለእኛው በእኛው ቋንቋ የሚጽፍ ጋዜጠኛ እኛን ካልጠየቀ ማንን ሊጠይቅ ነው?

ስለዚህ ያቺ ዐረፍተ ነገር እንድትታረምና የማኮሜ አሟሟት ዘገባው በወጣበት በዚያው ገጽ ላይ ለአንባቢ እንዲገለጽ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከፓሪስ ዳርቻ