ጎዳና ከመውጣታቸው በፊት ለሚደርስ ድጋፍም በጀት ይያዝ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ አያት አካባቢ ነው። አዲሱ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ከመጀመሩ በፊት፣ የወረዳ ምክር ቤቶች ጎዳና ላይ ለወደቁት ብቻ ሳይሆን ለመውደቅ ጥቂት ለቀራቸው ቤተሰቦችም ራሱን የቻለ በጀት እንዲይዙ ለማሳሰብ ይህን ጽፌያለሁ።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ መደንገጉ መልካም ነው፤ ገቢው የተቋረጠበትን ተከራይ ኪራይ ግን አይከፍልለትም። በሰፈራችን በሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምትተዳደር አንዲት እናት፣ ታማ ሥራ በማቆሟ ኪራይ ቢያቅታት፣ ፍራሿን በላስቲክ ጠቅልላ ከነልጆቿ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ሰንብታለች። ለእርዳታ የሄደችበት ጽሕፈት ቤት የሰጣት ምላሽ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ የበጀት ርእስ የለንም የሚል ነበር። ያስጠጋት ዕድሩ ነው፤ ዕድር ደግሞ፣ ይህን ሁሉ ሸክም እየጫንበት መጣን እንጂ፣ በዋናነት የተቋቋመው ለቀብርና ለሐዘን ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ያዛል። የአቅም ነገር ከተነሣ፣ የአንድ ቤተሰብን የሁለት ወር ኪራይ መሸፈንና ከአከራዩ ጋር ማደራደር፣ ያንኑ ቤተሰብ ከጎዳና አንሥቶ፣ በማቆያ አስጠግቶ መልሶ ከማቋቋም በእጅጉ ይቀላል። ስለዚህ ወረዳዎች መጠነኛ የአስቸኳይ ኪራይ ድጋፍ ቢመድቡ፣ ጉዳዩን የሚከታተል ባለሙያ ቢቀጥሩ፣ የተመደበውንና የወጣውን ገንዘብም በየሩብ ዓመቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጥፉልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአያት አካባቢ ነዋሪ