ሌሊት በሌለበት በረሃ፣ ሌሊት የሚተነፍስ ተክል?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣

በወጣቶች ገጻችሁ አንባቢዎች የሌላ ፕላኔት የበረሃ ዕፅዋት በምናባቸው ፈጥረው እንዲልኩ መጋበዛችሁን በጣም ወድጄዋለሁ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼም ገጹን ይሻሙበታል። ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። ፕላኔቷን ስታስተዋውቁ ፀሐይዋ ከቦታዋ ንቅንቅ እንደማትል፣ አንዱ ገጽ ሁሌም ቀን፣ ሌላው ሁሌም ጨለማ እንደሆነ ጻፋችሁ። ከዚያ ቀን በሆነው ወገን ለናሙና ያቀረባችሁት ተክል የሚተነፍስባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል። የቱ ሌሊት?

ስህተት ለመልቀም አይደለም። የጨዋታው ጣዕም ያለው እዚችው ጥያቄ ላይ ነው፣ እናንተ ደግሞ ዘለላችኋት።

ሌሊት መክፈት በምድራችን ያለ እውነተኛ ዘዴ ነው። ተክል ምግቡን ለመሥራት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስገባት አለበት፤ ለዚያ ቀዳዳዎቹን ሲከፍት ግን ውሃው ይተናል። በረሃ ውስጥ ይሄ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ስለዚህ እነ በለስ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሌሊት ይከፍታሉ፤ ያስገቡትን ጋዝ በአሲድ መልክ ያስቀምጡና ቀን ዝግት ብለው በፀሐዩ ብርሃን ምግብ ይሠሩበታል። ቤንጃሚን ሄይን የሚባል ሰው ህንድ ሆኖ በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1815 በታተመ ደብዳቤ፣ የእኛ እንዳሁላ ዘመድ የሆነ አንድ ተክል ቅጠሉ ጠዋት እንደሚኮመጥጥ፣ እኩለ ቀን ላይ ጣዕም እንደሌለው፣ ወደ ማታ ደግሞ መረር እንደሚል ገልጿል። አሲዱ ሌሊት ይጠራቀማል፣ ቀን ያልቃል።

ታዲያ ሌሊት ከሌለ ይሄ ሁሉ አይሠራም። ተክሉ ምን ይሁን?

እኔ ብሆን ከጥላ እጀምራለሁ። እኛ ጋ ጥላ ይዞራል፤ ጠዋት ምዕራብ፣ ከሰዓት ምሥራቅ። ፀሐይዋ በማትነቃነቅበት አገር ግን ጥላም አይነቃነቅም፣ ዕድሜ ልኩን እዚያው ነው። እንዲህ ከሆነ ተክሉ ፊትና ጀርባ ይኖረዋል። ፊቱ ብርሃን ብቻ የሚቀበል፣ በወፍራም ሰም የተለበጠ፣ አንድም ቀዳዳ የሌለው። ጀርባው ጥላ ስለሆነ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዳዳዎቹ በሙሉ እዚያ ይሁኑ። ከጨለማው ወገን የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ጉም ይዞ ይመጣል ብንል ደግሞ ጀርባው ጠጉር አብቅሎ ጉሙን ይጥለፍ። ይሄም ከአየር ላይ የተዘገነ ሐሳብ አይደለም፤ ቺሊ አታካማ በረሃ ውስጥ መሬት ያልያዙ፣ ከጉም ብቻ ውሃ የሚጠጡ ተክሎች አሉ። ዘሩም ይውደቅ ከጀርባው። ሳጓሮ የሚባለው የአሜሪካ ካክተስ ጨቅላ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ሌላ ዛፍ ሥር ተጠልሎ ነው። እዚያ ደግሞ ልጅ በእናቱ ጥላ፣ የልጅ ልጅ በልጅ ጥላ እየበቀለ፣ በረሃውን ሙሉ ከፀሐይዋ ወደ ኋላ የተሰለፉ ዕፅዋት ታያላችሁ። አሁን ይሄን ለአንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ንገሩትና እስክሪብቶውን ለመቀማት ሞክሩ!

ፕላኔቷም ብትሆን ያን ያህል ከእውነት የራቀች አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2016 መገኘቷ ይፋ የሆነው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ቢ የምትባል ፕላኔት ትንሽ ቀይ ኮከቧን በ11 ቀን ገደማ ትዞራለች፤ አንድ ገጿን ብቻ ወደ ኮከቧ አዙራ ልትኖር እንደምትችልም ሳይንቲስቶች ይገምታሉ። በእንዲህ ያለ ደብዛዛ ቀይ ብርሃን ሥር የሚኖር ተክል የተገኘውን ብርሃን ሁሉ ለመሰብሰብ ጥቁር ሊሆን ይችላል የሚሉም አሉ። ሥዕል የላኩላችሁ ልጆች ግን ተክሎቻቸውን ሁሉ አረንጓዴ ቀብተዋል። ማንም አልነገራቸውማ።

አንድ ነገር ላይ ግን እከላከልላቸዋለሁ። ብዙዎቹ የሳሉት ወፍራም፣ ሸንተረር ያለው፣ እሾሃም ግንድ ነው። የምድርን ገለበጡ ብላችሁ አትጣሏቸው። ቁልቋልና የአሜሪካ ካክተስ ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማቾች ይመስላሉ፤ ዝምድናቸው ግን በጣም የራቀ ነው። ቁልቋል ከጉሎ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ እሾሁ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በሸንተረሩ ጠርዝ ላይ ይወጣል፣ ስትቆርጡት ነጭ ወተት ያፈሳል (ዓይን እንዳይነካ፣ አደገኛ ነው)። ከካክተስ ወገን የሆነው፣ መነሻው ሜክሲኮ የሆነው በለስ ደግሞ እሾሁ የሚወጣው ከትንሽ ጠጉራም ነጥብ ውስጥ ነው፤ ሲቆረጥ ዝልግልግ ያለ ነገር እንጂ ወተት የለውም። ሁለቱም ለየብቻ፣ በተለያየ አህጉር፣ ለአንድ ችግር አንድ መልክ ላይ ደረሱ። ድርቅ ሌላ ፕላኔት ላይ ተመሳሳይ ግንድ ቢያወጣ ምን ይገርማል?

እሾሁ ላይ ግን ጠይቋቸው። የሚከላከለው ከማን ነው? የሚግጥ እንስሳ አለ? ከሌለ ለጥላ ነው? ምክንያት ያምጡ።

ስለዚህ ልመናዬ ይሄ ነው። በሚቀጥለው ዙር ከሥዕሉ በፊት ፕላኔቷን በደንብ ንገሩን፦ ቀኑ ስንት ሰዓት ነው፣ ዝናብ በስንት ጊዜ ይጥላል፣ ነፋሱ ከየት ይነሳል፣ ማን ማንን ይበላል። ናሙና ተክል አታስቀምጡ፣ ልጆቹ እሱኑ ይገለብጣሉ። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ደግሞ ልጁ በራሱ አንደበት «እንዲህ ያደረግኩት በዚህ ምክንያት ነው» የሚልበት ሁለት መስመር ተዉለት። ቦታ ከጠበባችሁ ሥዕሎቹን አሳንሱ እንጂ ምክንያቱን አትቁረጡ።

አክባሪያችሁ፣
የባዮሎጂ አስተማሪ፣ ከድሬዳዋ