ለአባቴ፣ የወባ መድኃኒት ረጪ ለነበሩት

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማማ በወባ መታመማቸውን ስሰማ ደነገጥሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ «ፓምፕ ተሸክመን በየቤቱ ዲዲቲ ስንረጭ የኖርነው ለከንቱ ነበር ወይ?» ያሉኝ ከሐሳቤ አልጠፋም።

ለከንቱ አልነበረም አባባ። በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ወባ ከቆላው አልፎ ወደ ደጋው ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ሲያምስ፣ 150 ሺህ ያህሉን ሲገድል እርስዎ ልጅ ነበሩ። እኛ ልጆችዎ እንዲህ ያለ እልቂት ሳናይ ያደግነው እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ስለደከሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 እንኳ በአገራችን የተመዘገበው ሕሙም 900 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን ጦርነቱ ሰውን አፈናቀለ፣ ጤና ኬላዎችን አዘረፈ፣ ርጭቱንም የአጎበር እደላውንም አስተጓጎለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሞ 1,157 ሞተዋል። ይህ እጅግ ያንገበግበኛል፤ ወባ በጊዜ ከተደረሰበት የሚድን በሽታ ነውና።

እዚህ ድሬዳዋ ያለችው ትንኝ ደግሞ እርስዎ የሚያውቋት አይደለችም። የእርስዎዋ ዝናብ ባቆረው ውኃ ትራባ፣ ሌሊት ነድፋ ግድግዳ ላይ ታርፍ ነበር፤ ዲዲቲውም እዚያው ያገኛት ነበር። ይህችኛዋ «ስቴፈንሳይ» ትባላለች። ከእስያ የመጣች ናት፤ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪደሃር ከተማ ነው። ውኃ በምናጠራቅምበት በርሜልና ገንዳ ስለምትፈለፈል በጋም ከተማም አይበግራትም። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ በደረቁ ወራት በወባ የተጠቃችው በእርሷ ነው። ግድግዳ መርጨት ብቻውን አይበቃትም፤ በርሜል መክደን፣ በውኃው ውስጥ ያለውን እጭ ማጥፋት ያስፈልጋል።

በዓለም ደረጃም ትግሉ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 263 ሚሊዮን ሰው ታሞ 597 ሺህ ሞቷል። አብዛኛው ሟች አፍሪካዊ ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ደግሞ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ሆኖም ግብፅ፣ ከፈርዖኖች ዘመን ጀምሮ ወባ ያልተለያት አገር፣ በ2024 ነፃ መሆኗ ተመሰከረላት። ለሕፃናት የሚሰጡ ሁለት ክትባቶችም ተገኝተዋል። የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው፤ ከሁሉ በላይ ትሰጥ የነበረችው አሜሪካ በ2025 እርዳታዋን ቀንሳለች። ርጭት አንድ ዓመት ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የወረዳው ጤና ሠራተኞች ወጣቶችን ሲሰበስቡ ሄደው ይህንኑ ይንገሩልኝ፤ እኔ በወረቀት ከምጽፈው ይልቅ የእርስዎ ቃል ይሰማል።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። የያዛቸው «ቫይቫክስ» የሚባለው ዓይነት ነው ብለውኛል። እርሱ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላም ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ያገረሻል። የ14 ቀኑ ክኒን የተሰጣቸው ይህን የተደበቀውን ለማጥፋት ስለሆነ «ተሽሎኛል» ብለው እንዳያቋርጡት፣ በባዶ ሆዳቸውም እንዳይውጡት። ሽንታቸው ከጠቆረ ወይም ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ግን ክኒኑን አስቁመው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ያድርሷቸው። እኔም በየማታው እደውላለሁ።

አክባሪ ልጅዎ
ከድሬዳዋ