ሪፖርቱ የዘለላቸው አራት ደቂቃዎች
ለአቪዬሽን አደጋ ምርመራ ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

የሚመሩት ቢሮ በእኔ የግላይደር አደጋ ላይ ያወጣውን ሪፖርት ደጋግሜ አነበብኩት። የመጨረሻው አንቀጽ «አብራሪው ለማረፊያ የማይሆን ማሳ መረጠ» ይልና ፋይሉ በዚያው ይዘጋል።

እውነት ነው፤ ማሳውን የመረጥኩት እኔው ነኝ። ከጥፋት ነጻ እንዲያደርጉኝ አልጠይቅም። የምጽፍልዎ ሪፖርቱ ስህተቱ የተፈጸመበትን ቦታ ስላልነካው ነው።

ግላይደር ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። ከፍታ የሚያገኘው በአብዛኛው ፀሐይ ካሞቀችው መሬት በሚነሣ አየር ነው። አየሩ ሲደክም ከአውሮፕላን ማረፊያ ውጭ፣ ማሳ ላይ ማረፍ ለእኛ የተለመደ ነገር ነው። ስንሠለጥን ደጋግመው የሚነግሩን አንድ ሥርዓት አለ፦ 600 ሜትር ግድም ላይ ማረፊያ የሚገኝበትን አካባቢ ለይ፤ 450 ላይ ማሳህን ምረጥ፤ 300 ላይ ሌላውን ሐሳብ ሁሉ ትተህ ለማረፍ ብቻ ብረር።

የበረራ መቅረጫዬ የሚያሳየው ሌላ ነው። 430 ሜትር ላይ ማሳ መምረጥ ሲገባኝ፣ መበታተን በጀመረች አንዲት ደመና ሥር መዞር ያዝኩ። አንዱ ክንፍ ብድግ ሲል የሚነሣውን አየር አገኘሁት እላለሁ፤ ወዲያው ይጠፋል። እንዲህ እያልኩ አራት ደቂቃ ዞርኩ። ቁልቁል ስመለከት የቀረኝ 260 ሜትር ነበር። ያን ጊዜ ለጥ ያለ አረንጓዴ አየሁና ወደዚያው አመራሁ። ከላይ ሲታይ ሰብል ቁመት የለውም። የኤሌክትሪክ ሽቦ አይታይም፤ ምሰሶውን መፈለግ ይጠይቃል። የመሬቱ ተዳፋትም የሚለየው ከጎን ሲያዩት ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገኝን ጊዜ ደመናዋ ሥር ጨርሼዋለሁ።

ሰብሉ ወገብ ይደርስ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ዛላው የአውሮፕላኑን ሆድ ሲፈገፍገው ነው። ወዲያው የግራ ክንፌ ጫፍ ተያዘ፤ አውሮፕላኑ ባለበት ተሽከረከረ፤ ጭራው ተቀነጠሰ። የእኔም አንድ የጀርባ አጥንት ተሰበረ። ሮጦ የደረሰልኝ የማሳው ባለቤት ስለ ወደመው ሰብሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። «እንዳትንቀሳቀስ» አለኝና የሕክምና ሰዎች እስኪመጡ ድረስ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ይዞልኝ ቆየ። ዛሬ በእግሬ የምሄደው በእርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ውል የሆነው የቺካጎ ስምምነት አባሪ 13 የአደጋ ምርመራ ብቸኛ ዓላማ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛን መለየት አይደለም ይላል። ታዲያ «የማይሆን ማሳ መረጠ» የሚለው ቃል ማንን ከአደጋ ይጠብቃል? የሚያነበው አብራሪ «እኔ ብሆን የተሻለ እመርጥ ነበር» ብሎ ገጹን ይገልጣል። «430 ሜትር ላይ ማሳ ሳይመርጥ አራት ደቂቃ ዞረ» ተብሎ ቢጻፍ ግን፣ በሚቀጥለው በረራው ደመና ሥር ሲዞር ዓይኑ ወደ ከፍታ መለኪያው ይሄዳል። እኔም ከመብረሬ በፊት እንዲህ ያለ ሪፖርት አንብቤ ቢሆን ኖሮ ብዬ ብዙ ሌሊት አስቤያለሁ።

የአንድ ሰው ግላይደር አደጋ ከትልልቆቹ አውሮፕላኖች አደጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ። የባለሙያዎችዎ ጊዜም ውስን ነው። ነገር ግን መቅረጫው ሳይነካ፣ ሙሉ መረጃውን እንደያዘ ለቢሮዎ ተሰጥቶ ነበር። በሪፖርቱ ውስጥ ግን ከዚያ መረጃ አንድም አኃዝ አልገባም። ጀርባዬን ስለ ያዘው መቀመጫና ስለ ቀበቶዎቹም የተባለ ነገር የለም።

ስለዚህ ፋይሉ እንደገና ተከፍቶ የከፍታውና የሰዓቱ መረጃ እንዲጨመርበት፣ ከዚያም ለበረራ ክለቦች ሁሉ እንዲላክ እጠይቃለሁ። ስህተቴ በዝርዝር መጻፉ አያሳፍረኝም። መቅረጫው ተመልሶልኝ ቤቴ ይገኛል፤ በቀጠሩኝ ቀን ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አብራሪው